መጋላ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከማሠራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ይሁኑ፣ የአፎቻ (የመረዳጃ ማኅበር) ሰብሳቢ ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ የላኩ የድሬ ልጅ፣ መሐንዲሱን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ክፍል ይወጣዋል?» ብለው ነው። ድሬዳዋ መጋላ ላይ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ሲሞላ ማን ይመጥጠዋል? በየትኛው መንገድ ገብቶ? ይህን ያልጠየቀ ሰው የሠራው ቤት ሪባን በተቆረጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት «አገልግሎት አይሰጥም» ተብሎ ይቆለፋል።

መኪናው ይደርሳል?

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከዚራ የተባለውን ሰፈር የምድር ባቡር ኩባንያው በመስመር አስምሮ ሠራው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሰዉ እንደሰፈረ እንደዚያው ያደገ ሰፈር ነው። መንገዱ ይጠብባል፣ ይታጠፋል፤ አንዳንዱ ቦታ ባጃጅ እንኳ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚያልፈው። ከተማዋ ደግሞ ቆሻሻውን በመስመር ሰብስቦ የሚያወጣ የፍሳሽ ቱቦ የላትም፤ ያለው ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲዛይን ከማሠራትዎ በፊት የመምጠጫ መኪና ሾፌር ይዘው ቦታው ድረስ ይሂዱ። የት ድረስ እንደሚገባ፣ የት ዞሮ እንደሚወጣ፣ ቱቦው ስንት ሜትር እንደሚዘረጋ ያሳይዎ። ጉድጓዱ የሚቆፈረው እሱ ባሳየዎት ቦታ ነው፤ መጸዳጃ ክፍሎቹ ወደ ግቢው ውስጥ ቢርቁ ችግር የለውም፣ ቆሻሻውን በቱቦ ወደ ጉድጓዱ ማድረስ ይቻላል። በእኔ አስተያየት ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ከማንኛውም የዲዛይን ክፍያ ይበልጣል።

አፈሩንም ይመልከቱ። ደቻቱ ዳር መሬቱ አሸዋና ጠጠር ነው፤ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ያልተደገፈ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል። ድሬ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ስለሆነ የጉድጓዱ ነገር የጎረቤትም ጉዳይ ነው። በከተማዋ አንዳንድ የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከምንጮቹም አንዱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ የተለመደው ወሰን ነው። እዚህ አሸዋ ላይ ከዚያም በላይ ቢርቁ ደግ ነው።

ወንዙ ዳር «ባዶ መሬት አለ» ቢባሉ አይቀበሉ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ መንገድ መስሎ ቢታይም ወንዝ ነው።

ስንት ክፍል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያወጣው መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች 1 መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ 1 መቀመጫና 1 የሽንት መሽኛ ነው። በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ ብዙ ተማሪ ያለበትን ፈረቃ ይቁጠሩ። 300 ሴትና 300 ወንድ ካሉ 12 እና 6 ይመጣል፤ የመምህራኑ ለብቻ።

ይህም ሆኖ በእረፍት ሰዓት ሰልፍ አይቀርም። 25 ልጆች ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢቆዩ 50 ደቂቃ ይሆናል፣ እረፍቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ገንዘብ ከሌለዎት የትንንሾቹን እረፍት ከትልልቆቹ ይለዩት፤ ምንም አያስወጣም።

ውሃው ከየት?

መጋላ ላይ አብዛኛው ሰው የሚጸዳዳው በውሃ ነው፤ ሙስሊሙ ኢስቲንጃ ሳያደርግ አይወጣም። ስለዚህ ቧንቧው ደጅ ያለ መታጠቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ቤቱ ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ዝቅ ያለ ቧንቧና ጆግ ይኑር። መቀመጫው ወደ ቂብላ (ወደ ሶላት አቅጣጫ) እንዳይዞር፣ ጀርባም እንዳይሰጥ ሰዎች ይጠነቀቃሉ። ከድሬዳዋ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መቀመጫዎቹን በምሥራቅና ምዕራብ አቅጣጫ ያስቀምጡ። ይህ ወረቀት ላይ እያለ በነጻ ይስተካከላል፣ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

ፍላሽ ይቅርብዎ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የድሬ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ነጩን ቅርፊት ቢያሳይዎት ይበቃል። ያው ቅርፊት የፍላሹን ውስጥ በጥቂት ወራት ይደፍነዋል። በጆግ የሚደፋ ቱርኪሽ ቀላል ነው፣ ሲበላሽም ሠፈር ውስጥ የሚጠግነው አይጠፋም።

ውሃ ስለሚጠፋ ሮቶ የግድ ነው፤ ክዳኑ ላይ ግን ድርድር የለም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ገብቶባታል። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኖ የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ እንደዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ክዳን በሌለው ታንከር ውስጥ ይፈለፈላል። ክዳኑ የሚገጥም፣ የትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ በወንፊት የተሸፈነ ሮቶ ይግዙ። የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ሜዳ ላይ እንዳይተኛ ቦይ ይኑረው፤ ሳሙና ከተሰረቀ ደግሞ ላርጎ በውሃ በጥብጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ማንጠልጠል ይቻላል።

ለሴት ልጆች

መግቢያቸው ከወንዶቹ በሌላ በኩል ይሁን፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፍ። ጣሪያውንም ይመልከቱ፦ ለአየር ተብሎ ግድግዳው ከላይ ክፍት ሲተው ከጎረቤት ፎቅ ላይ ቁልቁል ይታያል፣ ልጅቷም እዚያ አትገባም። አንዱን ክፍል ሰፋ አድርገው፣ ውሃ፣ መስቀያና ክዳን ያለው ቅርጫት ይስጡት። ሞዴስ መጣያ ከሌለው የሚጣለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እዚያም የመምጠጫውን ቱቦ ይደፍናል። ቅርጫቱን ማን እንደሚደፋና የት እንደሚቃጠል ካልተወሰነ ደግሞ ቅርጫቱ ራሱ ሌላ ችግር ይሆናል።

ራምፑ ምን ላይ ያበቃል?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ እንዲኖረው አዟል። ስለዚህ ራምፕ ይሠራል። ተሠርቶ ግን ብዙ ቦታ የሚታየው ይህ ነው፦ ሴራሚክ ለብሶ ያብለጨልጫል፣ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር የምታህል ደረጃ ተትታለች፤ በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ዊልቸሩ ከገባ አይዘጋም። ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያም አይደረስም፤ ክፍሉ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ዘበኛው ምሳ ወጥቷል።

ልኩን ይያዙ። ራምፕ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይፈልጋል፤ የወለልዎ ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ከ40 ነው። ቦታ ከሌለዎት ወለሉን ዝቅ ያድርጉ እንጂ ራምፑን አያቁሙት። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ይኑረው። ከመቀመጫው ጎን የሚያዝ ብረት ግድግዳው ውስጥ በደንብ ይቀበር፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን ነው የሚጥልበት። ለዓይነ ስውራንና ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ የደረጃው ጠርዝ ቢጫ ቢቀባ፣ ከመማሪያ ክፍል እስከ በሩ የሚያዝ መደገፊያ ቢኖር ወጪው ትንሽ ነው። ይህን ክፍል ልጇን ልታይ የመጣች ነፍሰ ጡር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት፣ እግሩን በጀሶ ያሰረ ኳስ ተጫዋችም ይጠቀምበታል።

መጫወቻ ሜዳ ከሆነ

ድሬ ላይ ሰው የሚወጣው ፀሐይ ሲበርድ ነው። ኳሱ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከጫት በርጫ የሚነሳውም ያኔ ነው፣ ሲቅም ብዙ ውሃ ጠጥቶ። መብራት የሌለው መጸዳጃ ቤት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይዘጋል፤ መብራት ስለሚጠፋ በሶላር የሚሠራ አምፖል ያስገጥሙ። የብረት በር ፀሐይ ፊት ለፊት ከቆመ ቀን ላይ አይነካም፣ ጥላ ይሥሩለት።

ቁልፉ እጁ ላይ የሚሆነው ማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና – ኑሮ በጤና» በሚል ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት ገንዘብ ሲሰበሰብ እንዳየነው፣ ለግንባታ ሕዝብ ያዋጣል። ለበረኪናና ለጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ቴሌቶን የሚያዘጋጅ የለም። አዲስ አበባ ላይ የወጣት ማኅበራት ሻወርና ትንሽ ካፌ ጨምረው ሽንት ቤቱን በአነስተኛ ክፍያ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ለሜዳ ይሠራል። ለትምህርት ቤት አይሠራም፣ ልጅ ከፍሎ አይሸናም። እዚያ የጽዳቷ ደመወዝና የዓመቱ መምጠጫ ሒሳብ በትምህርት ቤቱ በጀት ላይ በስም ይጻፍ፤ መጋላ ላይ አፎቻው ወይም እድሩ ቢጨመርበት ደግሞ ተጠያቂው ጎረቤት ይሆናል።

በውሉ ላይ ያለውን የመያዣ ገንዘብ ለኮንትራክተሩ አንድ ክረምት ሳያልፍ አይልቀቁ፤ ጉድጓዱ ውሃ መያዝ አለመያዙ የሚታየው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። የመጨረሻው ርክክብ ቀን ከመሐንዲሱ ጋር አንድ በዊልቸር የሚሄድ ሰው፣ አንዲት እናትና አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይጥሩ። ሦስቱም ለብቻቸው ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ውሃ አግኝተው ሲወጡ ይፈርሙ።