የእንግሊዝኛ ትምህርት፦ በጠርሙስና በወረቀት ላይ የምናገኛቸው ቃላት

ኹበር ውስጥ ዐረብኛው በጆሮ ይለመዳል። እንግሊዝኛው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጽሑፍ ነው፤ በማጽጃ ጠርሙስ፣ በልጅ መድኃኒት፣ በቪዛ ወረቀት ላይ። አራምኮ ያለበት ዳህራን ቅርባችን ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚናገሩ አሠሪዎችም ጥቂት አይደሉም። ቃሉን ለብቻው አትሸምድዱት፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ያዙት።

ብሊች፦ ልብስ የሚያነጣና ጀርም የሚገድል ፈሳሽ፤ እኛ በረኪና የምንለው ነው። በረኪና ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው በንግድ ስሙ ክሎሮክስ ይለዋል።
«ዱ ኖት ሚክስ ብሊች ዊዝ አዘር ክሊነርስ።» በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ አስቀድማችሁ አጥኑት። በረኪና አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲሆን ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። «ሁለቱን ቀላቅዪው፣ የበለጠ ያጸዳል» ብሎ የሚያዝ ሰው ቢያጋጥማችሁ በጨዋነት «ማዳም፣ ኢት ኢዝ ዴንጀረስ» በሉ፤ አደገኛ ነው ማለት ነው። ሳይታወቅ ከተቀላቀለ ግን ክፍሉን ለቅቃችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ትንፋሽ ካጠረ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

ፍላመብል፦ በቀላሉ እሳት የሚይዝ።
«ዚስ ስፕሬይ ኢዝ ፍላመብል።» ይህ ስፕሬይ እሳት ይይዛል፤ ምድጃ አጠገብ አይነፋም።
አንዳንዱ ጣሳ ላይ ኢንፍላመብል ተብሎ ይጻፋል። ኮሬክት ትክክል፣ ኢንኮሬክት ስሕተት እንደሆነ ለምታውቁ ኢንፍላመብልም «እሳት የማይዝ» ይመስላችኋል። አይደለም! ሁለቱም አንድ ትርጉም ነው ያላቸው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው።

ቲስፑን፦ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር። ቴብልስፑን፦ ትልቁ ማንኪያ፣ 15 ሚሊ ሊትር።
«ጊቭ ዋን ቲስፑን፣ ኖት ዋን ቴብልስፑን።» ሁለቱን ያሳሳተ ለሕፃኑ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ይሰጣል። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ መስፈሪያ ካለ በእሱ ለኩ።

ኪፕ፦ ማስቀመጥ፣ መያዝ፣ ማቆየት።
«ኪፕ አውት ኦፍ ሪች ኦፍ ቺልድረን።» ሕፃናት እጃቸው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።
«አይ ኪፕ ማይ ፓስፖርት።» ፓስፖርቴን የምይዘው እኔ ነኝ።
ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሕግም ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። ዐረብኛ «ፐ» የሚል ድምፅ ስለሌለው «ባስቦርት» ሲሉ ብትሰሙ ያው ነው።

ዴይ ኦፍ፦ የዕረፍት ቀን። «ፍራይደይ ኢዝ ማይ ዴይ ኦፍ።» በዚሁ ደንብ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ተፈቅዷል።

ኤግዚት ሪኢንትሪ፦ ለዕረፍት ወጥቶ መመለስ፤ ዐረቦቹ ኹሩጅ ወአውዳ ይሉታል። ፋይናል ኤግዚት፦ ጠቅልሎ መውጣት፣ ኹሩጅ ኒሃኢ። በሁለተኛው የወጣች ኢቃማዋ ያበቃል፤ ልመለስ ብትል አዲስ ቪዛ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት ጠይቁ፦
«ኢዝ ዚስ ፋይናል ኤግዚት ኦር ሪኢንትሪ?»

መልመጃ፦ ባዶውን ሙሉ።
1. ዱ ኖት ____ ብሊች ዊዝ አዘር ክሊነርስ።
2. ማዳም፣ ፕሊዝ፣ አይ ____ ማይ ፓስፖርት።
3. ጋዝ ኢዝ ____፤ ዱ ኖት ስሞክ ሂር።

መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን።