የታሪክ ፍጻሜ ከመጀመሪያው ስለ መዘራቱ

በፎገራ ሜዳ በክረምት ወራት፣ በወረታ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ የርብ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ይመጣል። ለእንግዳ ሰው ይህ ያለ ምክንያት የሆነ ይመስለዋል። የአገሩ ገበሬ ግን በስተምሥራቅ በጉና ተራራ ላይ ደመናው መጥቆሩን አይቷልና ከብቱን አስቀድሞ ከወንዙ ዳር ያርቃል። መልካም አጭር ታሪክም እንደዚሁ ነው። ፍጻሜው ሰሚውን ያስደንቀዋል፤ ምልክቱ ግን ከመጀመሪያው ተነግሮ ነበር።

በዚሁ በፎገራ፣ በናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ይልቁን በቀልዳቸው ያስታውሳቸዋል። አንድ ሰው አንዲት አህያ እየነዳ ሲሄድ አለቃ አገኙትና «እንደምን አደራችሁ» አሉት ይባላል። ሰውዬውም እግዚአብሔርን አመስግኖ አለፈ። ጥቂት ከራቀ በኋላ ግን ከአህያይቱ በቀር አብሮት የሚሄድ እንደሌለ አሰበ። ስድቡ የተሰወረው በሰላምታው መጨረሻ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ የተለመደ ነውና ማንም አያስተውለውም። አህያይቱም አስቀድማ ባትጠቀስ ኖሮ ቀልዱ ቀልድ ባልሆነም ነበር።

ሳቅ ግን የዚህ ጥበብ ታናሽ ፍሬ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦርነት ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ ታሪክ ነገረው። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ ለእንግዳው ከራሱ ማረድ ስለ ሳሳ፣ የድኻውን አንዲት በግ ነጥቆ አረደ። ዳዊትም ተቆጥቶ ባለጠጋው ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ያን ጊዜ ናታን ባለጠጋው ንጉሡ ራሱ መሆኑን ገለጠለት።

ናታን ግን ድንገት አልወረደበትም። በጊቱ ከድኻው ማዕድ ትበላ፣ በብብቱም ትተኛ እንደ ነበር አስቀድሞ ተናግሯል፤ ይህም ስለ ሚስት እንጂ ስለ በግ የሚነገር አይደለም። ዳዊት ሰምቶ አላስተዋለም፤ በሌላው ላይ ለመፍረድ ቸኩሏልና።

ምልክት ያልቀደመው ፍጻሜ ሰሚውን ያታልለዋል እንጂ አያስተምረውም። ምልክት የቀደመው ግን ሰሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረምር ተናጋሪውን የሚከስስበት ነገር አያገኝም፤ የሚከስሰው የራሱን ልብ ነው። ስለዚህ ዳዊት ነቢዩን «አታለልኸኝ» አላለውም፤ በደሉን አመነ እንጂ። እንግዲህ ታሪክ የሚያነብ ሁሉ በባለታሪኩ ላይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ፍጻሜውን ይጠብቅ።