የሩቅ አገር ሬዲዮ ሐራ ድረስ እንዴት ይመጣል?

ክበባችን ከመምህራን ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ የውጭ አገር ሬዲዮ ሊያዳምጥ ስላሰበ፣ ከመሄዳችን በፊት ይህን እንወቅ።

የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይከለክለዋል። ሾርት ዌቭ የሚባለው አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አዮኖስፌር የሚባል የአየር ክፍል ይመልሰዋል፤ ልክ ኳስ ግድግዳ ነክታ እንደምትመለሰው ማለት ነው። የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. አማርኛ ሲጀምር ኢንተርኔት አልነበረም፤ ባሕር ተሻግሮ የሚሰማው በዚህ ሞገድ ነበር።

ስናዳምጥ፦
1. ከመብራት ሽቦ እንራቅ፤ ሬዲዮውን ያንጫጫዋል።
2. የባትሪ ድንጋይ እንያዝ።
3. 5 ሜትር ያህል ሽቦ አንቴናው ላይ አስረን ዛፍ ላይ እንስቀል። ደመናና መብረቅ ካለ ግን በፍጹም!
4. ቁልፉን ቀስ አድርገን እናዙር። ሰዓቱን፣ ቋንቋውንና የጣቢያውን ስም እንመዝግብ። በደንብ ያልሰማነውን በግምት አንጻፍ።

ይሄ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በአካባቢያችን ስልክና መብራት ሲጠፋ፣ የባትሪ ሬዲዮ ያለው ሰው ዜና መስማት ይችል ነበር። ሁለት ጣቢያ ሰምቶ የሚያመዛዝን ደግሞ በወሬ አይሸበርም።

ጥያቄ፦ የኤፍኤም ሞገድን ተራራ ለምን ይከለክለዋል? መልሱን ለክበቡ አምጡ። መልካም ማዳመጥ!