ቆሞ የከረመ መኪና እና የነዳጅ ታንከር ዝገት

ማረሻችሁን ዝናብ ላይ ጥላችሁት ብታድሩ ጠዋት ምን ታያላችሁ? ብረቱ ላይ ቀይ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ይህ ዝገት ነው። ዝገት የሚመጣው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብረት አይዝግም። በየቀኑ የሚያርስ ማረሻ አፈሩ ስለሚሞርደው ያብለጨልጫል። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ግን ይዝጋል። መኪናም እንዲሁ ነው።

ጉንደ ወይን ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመንገዱ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ማድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ አገር በግቢ ውስጥ ሣር በቅሎበት የቆመ አሮጌ መኪና ቀላል ነገር አይደለም። ቆሞ የቀረ የወፍጮ ሞተርም፣ የመስኖ ፓምፕም ያው ነው። ብዙ ጊዜ ሞቷል ተብሎ የተተወው ሞተር አልሞተም። የነዳጁ መንገድ ብቻ ተዘግቷል።

1. ዝገቱ ከየት መጣ?

ላንድሮቨርን እንውሰድ። ይህ መኪና በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከጦርነቱ የተነሳ የብረት እጥረት ስለነበረ የውጭ ገላውን በአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሜዳ ላይ የቆመ ላንድሮቨር ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። የነዳጅ ታንከሩ ግን ብረት ነው። ከውጭ ደህና የመሰለው ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ታዲያ በተከደነ ታንከር ውስጥ ውሃ ከየት ይገባል? ታንከሩ ግማሹ ብቻ ነዳጅ ከሆነ ሌላውን ግማሽ የያዘው አየር ነው። አየር እርጥበት አለው። በደጋ አገር ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ይበርዳል። ሌሊት ታንከሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በውስጥ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። የድስት ክዳን ስታነሱ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አስቡ። ይህ ጤዛ ቁልቁል ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ዘቅጦ እዚያው ይተኛል። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ብረቱን ይበላዋል።

ቤንዚንም ራሱ ያረጃል። ቀጭኑ ክፍል ይተናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሽታው ይለወጣል። ደግሞ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል ነው። አልኮል ውሃ ይስባል፤ የአሮጌ መኪና ጎማ ቱቦንም ያላሽቃል። ስለዚህ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ይዞ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና የበለጠ ይጎዳል።

ጠላ ሲጠራ አተላው ከሥር ይቀራል። ጋኑን ብትነቀንቁት ግን አተላው ይነሳል። የታንከር ዝገትም እንዲሁ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይነሳና ኮረኮንች መንገድ ሲገባ ዝገቱ ተነስቶ ቱቦውን ይዘጋል። ሞተሩ ዳገት ላይ ይጠፋል።

2. ከመጀመራችን በፊት መጠንቀቅ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በቤንዚን ላይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። የሚቀጣጠለው ከቤንዚኑ የሚወጣው ትነት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ያለ ምድጃ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ፦

ሀ. ሥራውን ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። ሲጋራ አይጨስ። ልጆች አይቅረቡ።

ለ. የባትሪውን ገመድ ፍቱ። መጀመሪያ የኔጋቲቩ ይፈታ።

ሐ. ታንከሩን ለማየት ክብሪት ወይም ኩራዝ አታብሩ። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ አስገቡ።

መ. ቤንዚን በቱቦ በአፍ አትሳቡ። ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ሰው ቢውጥ አታስመልሱት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሠ. የወጣውን ቤንዚን ኩራዝ ውስጥ አትጨምሩ። ኩራዝ የላምባ ነው። በላምባ ፈንታ የገባ ቤንዚን ቤት ያቃጥላል፤ ልጅ ያቃጥላል። ወንዝና ጉድጓድ አጠገብም አትድፉት።

3. ታንከሩን ማጽዳት

መጀመሪያ ሞተሩን ለማስነሳት አትሞክሩ። ብዙ ሰው ባትሪ ተውሶ፣ መኪናውን ገፍቶ ለማስነሳት ይቸኩላል። ያን ጊዜ ታንከር ውስጥ የነበረው ዝገት ወደ ሞተሩ ይሳባል፤ በትንሽ ድካም የሚድነው ብዙ ብር ይጠይቃል።

አሮጌውን ነዳጅ ከታች ካለው መክፈቻ ወደ ጀሪካን አፍስሱ። ጥቂቱን በነጭ ጠርሙስ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጥቂት ቆይቶ ሲለያይ ታያላችሁ፦ ከሥር ቀይ ዝቃጭ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከላይ ቤንዚን።

ቀጥሎ ታንከሩን ፈትታችሁ አውጡ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ ንጹሕ ሰንሰለት ከሳሙና ውሃ ጋር አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ናጡት። ጠርሙስ በጠጠር እንደሚታጠብ ማለት ነው። ሰንሰለት የሚመረጠው አንዱን ጫፍ ይዞ ሙሉውን ማውጣት ስለሚቻል ነው፤ ጠጠር ግን ውስጥ ይቀራል። ውሃው ቀይ መሆኑን እስኪተው ድረስ ደጋግሙት።

የቀረውን ዝገት አቼቶ ያወጣዋል። ታንከሩን በአቼቶ ሞልታችሁ አንድ ቀን ከነሌሊቱ አቆዩት። የባትሪ አሲድ ግን እንዳትጠቀሙ፤ ብረቱንም እጃችሁንም ይበላል። አቼቶውን ከደፋችሁ በኋላ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አለቅልቁት፤ ሶዳው የአቼቶውን መኮምጠጥ ያጠፋል። እንደገና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ሳትዘገዩ ፀሐይ ላይ አድርቁት። እርጥብ ሆኖ ካደረ ንጹሑ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። እንደደረቀ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ውስጡን በሙሉ አዳርሱት፤ ትርፉን አፍስሱት።

አሁን ታንከሩን ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን ከታያችሁ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው። ራሳችሁ ለመበየድ አትሞክሩ። ባዶ የመሰለው ታንከር የተረፈ ትነት ካለው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩት፤ ወይም ሌላ ታንከር ፈልጉ።

4. የቀረው የነዳጅ መንገድ

ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለው መንገድም መጽዳት አለበት። የብረቱን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ፈትታችሁ በጎማ መንፊያ ንፉት። የተሰነጠቀ ወይም የላሸቀ የጎማ ቱቦ ይለወጥ። ፊልትሮው፣ ማለትም ማጣሪያው፣ አዲስ ይሁን። የካርቡራቶሩ ታች ተከፍቶ ዝቃጩ ይጠረግ። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ግን በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳው ከሰፋ መኪናው ነዳጅ ይጨርሳል። እነሱም በነፋስ ይጽዱ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ሊትር አዲስ ቤንዚን ብቻ ጨምሩ። የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩን አይታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፊልትሮውን ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ እንደገና ለውጡት።

5. ተመልሶ እንዳይዝግ

መኪና ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ታንከሩን ሙሉ። ሙሉ ታንከር ለእርጥብ አየር ቦታ የለውም። ክዳኑ ይጥበቅ። በወር አንድ ቀን ሞተሩን አስነስታችሁ ጥቂት ንዱት። የወፍጮ ሞተር በናፍታ ቢሠራም ከታንከሩ ሥር ውሃ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከሥር ያለውን መክፈቻ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ውሃውን አውጡ። ናፍታው ከበርሜል ሲቀዳም በጥሩ ማጣሪያ ይጣራ፤ የበርሜሉ ሥር አይናወጥ።

ነዳጅ ከውጭ አገር በጅቡቲ ወደብ በኩል ተጉዞ የሚመጣ ውድ ነገር ነው። መለዋወጫም ቢሆን ሞጣ ወይም ደብረ ማርቆስ ድረስ ያስኬዳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ሞተሩን ከመግፋት በፊት ታንከሩን ከፍቶ ማየት ይቅደም።

ጥያቄዎች

1. ብረት እንዲዝግ የሚያደርጉት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
2. በተከደነ ታንከር ውስጥ ውሃ ከየት ይመጣል?
3. ቤንዚን በኩራዝ ውስጥ ቢጨመር ምን ይሆናል? ለቤተሰባችሁ አስረዱ።
4. ታንከር ሲታጠብ ከጠጠር ይልቅ ሰንሰለት የሚሻለው ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ ቆሞ የቀረ ሞተር ወይም መኪና አለ? ለምን እንደቆመ ተወያዩበት።