እግር አልነሳ ሲል ጥፋቱ የማን ነው?



ሐለቃ ላይ ወይም ቤተ መጻሕፍት እግራችንን አጣጥፈን ቆይተን ስንነሳ እግራችን ደንዝዞ አልታዘዝ ይለናል። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይመለሳል። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ በአጥንቱ ላይ ዞሮ የሚያልፈው ነርቭ ለረጅም ሰዓት ሲጨፈለቅ ግን የእግርን ፊት ወደ ላይ ማንሳት ለሳምንታት ሊያቅት ይችላል። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ የቀረው ትእዛዙ ነው። ለመሆኑ ትእዛዙ እንዴት ይደርሳል? መቅረቱስ በምን ይታወቃል?

ትእዛዙ እንዴት ይደርሳል?

ከአንጎል የተነሳው ትእዛዝ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወዳለው ሞተር ነርቭ ይደርሳል። አንድ ሞተር ነርቭና የሚያዛቸው የጡንቻ ክሮች በአንድነት ሞተር ዩኒት ይባላሉ። በዓይን ጡንቻዎች አንድ ነርቭ የሚያዘው ጥቂት ክሮችን ነው፤ በባት ጡንቻ ግን ከ1000 በላይ ሊያዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ምልክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ከውጭ ይገባል፤ አሴቲልኮሊን ይለቀቃል።
2. አሴቲልኮሊን በጡንቻው ሽፋን ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ይያያዛል፤ ሶዲየም ይገባል። በዕረፍት ጊዜ -90 ሚሊቮልት ገደማ የነበረው ሽፋን ይገለበጣል፤ ምልክቱም በክሩ ላይ ይሮጣል።
3. በክሩ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቅና ከትሮፖኒን ጋር ይያያዛል።
4. ማዮሲን አክቲንን ይስባል፤ ጡንቻው ይኮማተራል።

ፈተና ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁለቱን ካልሲየሞች በማምታታት ነው። የመጀመሪያው ከውጭ ወደ ነርቩ የሚገባ ነው፤ ሁለተኛው ከጡንቻው የራሱ ማከማቻ የሚወጣ።

እንዴት ይቀዳል?

ኤሌክትሮማዮግራፊ (ኢኤምጂ) የሚቀዳው 2ኛውን ደረጃ እንጂ የጡንቻውን ጉልበት አይደለም። ኤሌክትሮድ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም አድሪያንና ብሮንክ በ1929 እንዳስተዋወቁት ዓይነት ቀጭን መርፌ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። ምልክቱ በማጉያ ጎልቶ በስክሪን ይታያል፣ በድምፅም ይሰማል። ጤነኛ ጡንቻ ሲያርፍ ጸጥ ይላል። ቀስ ብለን ስናጠነክረው ጥቂት ዩኒቶች ይታያሉ፤ ኃይል ስንጨምር እነሱ ይፈጥናሉ፣ ሌሎችም ይቀላቀላሉ።

ጥፋቱ የት ነው?

* ነርቩ ላይ ከሆነ፦ ስናጠነክር የሚሰለፉት ዩኒቶች ጥቂት ናቸው። የነርቩ ክሮች ከሞቱ ደግሞ ያረፈው ጡንቻ በራሱ ትናንሽ ምልክቶችን ያወጣል።
* ጡንቻው ላይ ከሆነ፦ ለትንሽ ኃይል ብዙ ዩኒቶች ቶሎ ይሰለፋሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ትንሽና አጭር ናቸው።
* መገናኛው ላይ ከሆነ፦ እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ባለ ሕመም ነርቩን በሰከንድ 3 ጊዜ በኤሌክትሪክ ስንቀሰቅሰው የጡንቻው ምላሽ እያነሰ ይሄዳል።

አንድ ነገር እንያዝ። ነርቭ በተጎዳ በ3ኛው ቀን ያረፈ ጡንቻ ጸጥ ማለቱ ነርቩ ደህና ነው ማለት አይደለም። በራሱ የሚወጣው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም በሽተኛውን «ምንም የለብህም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ነገ ዋርድ ስንገባ በሽተኛው የሚነግረን «አልነሳ አለኝ» ብቻ ነው። ትእዛዙ የቀረበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት የኛ አማና ነው። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።

ራሳችንን እንፈትሽ፦ በ2ኛው ደረጃ ያሉት ተቀባዮች ቢዘጉ፣ ነርቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጡንቻው ለምን አይኮማተርም?