የመልክ ዋጋ

አንባቢ ሆይ፥ አሜሪካዊው ስኮት ዌስተርፌልድ በ2005 እ.ኤ.አ. «አግሊስ»፥ ትርጓሜውም «መልከ ጥፉዎች»፥ የሚባል ልብ ወለድ ለወጣቶች አወጣ። በዚያ ታሪክ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ በሐኪም ቢላዋ መልኩ ተለውጦ ውብ ይሆናል፤ እስከዚያ ቀን ግን መልከ ጥፉ ይባላል። ታሊ የምትባል ልጅ ያን ቀን በናፍቆት ትጠብቅ ነበር፤ ወዳጅዋ ሼይ ግን መልኬን አልለውጥም ብላ ሸሸች። ሹማምንቱም ወዳጅዋን ፈልጋ ካላስገኘች ውበትን እንደማታገኝ ለታሊ ነገሩአት። ፍለጋ በሄደችበትም ስፍራ፥ ፊትን የሚያሳምረው ሕክምና አእምሮን በስውር እንደሚያቈስል ተረዳች።

እንግዲህ ልብ አድርግ፤ ታሊ የተጠየቀችው ዋጋ ፊትዋን ብቻ አይደለም፥ ወዳጅዋንም አሳልፋ እንድትሰጥ ነው እንጂ። አንተም በመስተዋት ፊት ስትቆም፥ መልክህ አይበቃም የሚልህ ማን እንደ ሆነ፥ በምትኩም ምን እንደሚወስድብህ አስቀድመህ መርምር።