ከቆዳው በፊት ገጣባውን እዩ

በመካነ ሰላም ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ኮርቻ አይቶ አይገዛም። ኮርቻውን ያስወርዳል፣ ግላሱን ይገልጣል፣ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል። ያጌጠ ግላስ ገጣባ እንደሚደብቅ ከአባቱ ተምሯል። የብስክሌት መሪ ቆዳ ለማልበስ የተነሣ ባለሙያም ከዚህ ገበያተኛ የሚማረው አለ። ቆዳ ያሳምራል፤ ሲያሳምር ግን ስንጥቁንም፣ የተበላውን ብረትም አብሮ ይሸፍናል። ላዩን አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነ መሪ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እጅ ውስጥ ቢሰበር፣ ጥፋቱ የነጂው አይደለም። ገጣባውን ሳያይ የጫነው ሰው ነው።

ይህን ምክር የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው፤ ብስክሌት ለሚጠግነውና ኮርቻ ለሚሰፋው። አንዱ ብረት ያውቃል፣ ሌላው ቆዳ። ሥራው የሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። የምናወራውም መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ስለተጠማዘዘው አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ የዓለም ተወዳዳሪ ሁሉ የሚነዳው እንዲህ ያለ ቀንዳም መሪ ነበር። የጣሊያን ብስክሌት አገራችን ሲገባ የዕቃውን ስም ይዞ ስለገባ ዛሬም ካቴና፣ ፍሬን፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ እንላለን። እንዲህ ያለ ዕቃ ከአንድ ሰው ጓዳ ወጥቶ «አድሱልኝ፣ መሪውንም ቆዳ አልብሱልኝ» ተብሎ ሲመጣ፣ እጃችሁ ወደ መርፌው እንዳይቸኩል።

እኔ ቸኩዬ አውቃለሁ። በጀማሪነቴ አንድ መሪ ሳልፈትሽ ከነአንገቱ፣ መሪውን ነክሶ ከሚይዘው ብረት ጋር፣ አልብሼ አስረከብኩ። ስፌቱ ግሩም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ «መሪው እየዞረ አስቸገረኝ» ብሎ መለሰው። ስፌቴን በምላጭ ስቀደው ከሥር ያገኘሁት የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። መሪው ለአንገቱ ስለቀጠነበት፣ ከእኔ በፊት የነካው ሰው ያጎረሰው ነበር። ያንን ቆርቆሮ የሸፈነው የእኔ ቆዳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆዳ የመጨረሻው ሥራ ሆነ።

ግለጡ፣ ዳስሱ

በመሪው ላይ የተጠመጠመውን አሮጌ ናስትሮ ወይም ፕላስቲክ እስከ መጨረሻው ላጡት። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ብታገኙ አቧራ አይምሰላችሁ፤ የላብ ጨው አልሙኒየሙን በልቶ የተፋው ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና ጥፍራችሁን በላዩ አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ መሪው ተበልቷል።

ቀጥሎ መሪውን ከአንገቱ አውጥታችሁ መሐሉን በፀሐይ ብርሃን እያዟዟራችሁ እዩት። አንገቱ በሚነክሰው ጠርዝ አካባቢ ስንጥቅ ይበዛል። የጸጉር ያህል መስመር ካያችሁ የጥጥ ፈትል ሳቡበት፤ ፈትሉን ከያዘው ስንጥቅ ነው። ባይዘው እንኳ መሪውን ዞሮ የሚከበው ጥልቅ ጭረት ነገ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ያመለክታል። ሁለቱ ቀንዶች ከመሐል እኩል መራቃቸውንም በሲባጎ ለኩ። የተሰነጠቀም ሆነ የታጠፈ የአልሙኒየም መሪ በመዶሻም በእሳትም አይድንም፤ ቢቀናም አይታመንም። «ቆዳው ያጠነክረዋል» የሚል ደንበኛ ከመጣ እንቢ በሉት። ቆዳ አጥንት አይሆንም።

አንገቱን ትከሉ

በአሮጌ ብስክሌት የመሪው አንገት የፊት ጎማውን ወደያዘው ፎርቼላ ቱቦ የሚገባ እግር አለው። ከእግሩ በታች ሽብልቅ ተሰክቷል። ከላይ ያለው ረጅም ብሎን ሲጠብቅ ሽብልቁን ወደ ላይ ይስበውና እግሩን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ስትፈቱ ብሎኑን ነቅላችሁ አትጨርሱ። ብዙውን ጊዜ በ6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ቁልፍ ሦስት አራት ዙር አላሉትና፣ በላዩ እንጨት አስቀምጣችሁ በመዶሻ መታ አድርጉት። ሽብልቁ ወርዶ አንገቱ ይለቃል። አልሙኒየም ከብረት ጋር ለዓመታት ከተጣበቀ አይለቅም ይላል፤ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት እንጂ ጎማውን ይዛችሁ በጉልበት አትጠምዝዙ። የሚጎዳው ፎርቼላው ነው።

ስትመልሱ የቱቦውን ውስጥ አጽዱና እግሩን ግራሶ ቀቡት። እግሩ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል መስመር ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ መስመሩ ቱቦው ውስጥ መደበቅ አለበት። መስመር ከሌለው ቢያንስ 6 ሣንቲ ሜትር ተኩል ይግባ።

መለኪያ ላይ አትገምቱ። የአብዛኞቹ አሮጌ አንገቶች እግር 22.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የድሮ ፈረንሳይ ሥራ ግን 22 ይሆናል። የመሪው መሐል ደግሞ በእንግሊዝ ሥራ 25.4፣ በጣሊያን 26፣ ቺኔሊ በተባለው ፋብሪካ የቀድሞ ሥራ 26.4 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ ለካሊፐር ግን ይታያል። የማይገጥመውን በቆርቆሮም በቆዳም አታጎርሱ። አንገቱ መሪውን የሚነክስበት ቦታ ብረት ለብረት ብቻ ነው።

ከዚያ የፍሬን እጀታዎቹን በባዶው ብረት ላይ እሰሩ። ከመሪው የታችኛው ቀጥ ያለ ክፍል ሥር ማስመሪያ ስትይዙ የእጀታው ጫፍ ማስመሪያውን ቢነካ ደህና መነሻ ነው። ደንበኛውን ብስክሌቱ ላይ አስቀምጡት፤ ይያዘው፣ ፍሬኑን ይጭመቀው፣ ከፍታውን ይንገራችሁ። ቆዳ ከለበሰ በኋላ «ትንሽ ከፍ አድርገው» ማለት ስፌት ማፍረስ ነው። በመጨረሻም የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታችሁ መሐል ይዛችሁ መሪውን ለማዞር ታገሉት። ከዞረ ገና አልተተከለም።

ሌጦ መምረጥ

ለዚህ ሥራ የበሬ ቆዳ አይሆንም፤ ይወፍራል፣ ጥምዝም ላይ ይኮማተራል። የሚፈለገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የለፋ ሌጦ ነው። በዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በውጭ አገር ለጓንት፣ በተለይም ለጎልፍ ጓንት የሚፈለግ ነው። የፍየሉም ቢሆን ከባቲ ገበያ ስሙን ወስዶ በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ» ተብሎ ይጠራል። መዳፍ ሲይዘው የሚውለውን ነገር ለማልበስ ከጓንት ሌጦ የተሻለ ምን ይገኛል?

በጉ ለጥምዝ ይመቻል፣ ይለጠጣል። ፍየሉ መፋተግን ይችላል። ስትገዙ ሌጦውን ወደ ብርሃን ዘርጉትና እከክ ፈልጉ። ቅማልና የቆዳ ተባይ በሕይወቱ የነካው በግ ሌጦው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስትወጥሩትም ሊተረተር የሚችለው በዚያ በኩል ነው። የሆዱን ክፍል ለትርፍ ሥራ አስቀምጡት፤ ለመሪ የሚሆነው የጀርባው ነው።

ቅድና ስፌት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሌጦውን ወደ 3 ሣንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍር ቀድዶ መጠምጠም ነው። ሌጦ ርዝመቱ አይበቃምና ከዳር ጀምራችሁ ዙሪያውን እየዞራችሁ ቅደዱት፤ እርጥብ ሆኖ ሲወጠር ይቀናል። ከመሪው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሐል ውጡ፤ አንዱ ዙር የሌላውን ሲሶ ይደርብ። ከላይ ወደ ታች ከጠመጠማችሁ መዳፍ ሲገፋው ጠርዙ ይገለበጣል። መቀጠል ግድ ከሆነ መጋጠሚያው የፍሬን እጀታው ላስቲክ ሥር ይደበቅ።

ሁለተኛው መስፋት ነው፤ የኮርቻ ሰፊው እጅ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የእሽቅድምድም መሪ ክንዱ አብዛኛውን ጊዜ 23.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 7 ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል። ሌጦውን ከዚያ 4 ሚሊ ሜትር አሳንሳችሁ ቅደዱ፤ የሚጎድለውን መለጠጡ ይሞላዋል። ከጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ በየ4 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ ብሱ። የሁለቱ ጠርዝ ቀዳዳ ቁጥሩ እኩል ይሁን። ሌጦውን በለብ ያለ ውኃ አርጥባችሁ ጨምቁትና፣ በሰም የታሸ ክር በሁለት መርፌ ከውስጥ ወደ ውጭ እያወጣችሁ ግራና ቀኙን አጠላልፉ። ጠርዞቹ ተፋጥጠው ይገናኙ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። ስፌቱ መዳፍ በማያርፍበት፣ በሥር በኩል ይሂድ። በየአምስት ቀዳዳው ቆማችሁ ክሩን ሳቡ፤ መጨረሻ ላይ የሚሳብ ክር ይበጠሳል።

ማስቲሽ ጫፎቹ ላይ ብቻ፣ ሳሳ ተደርጎ፣ በር ተከፍቶ ይቀባ። መሪውን በሙሉ ከለጠፋችሁት የሚቀጥለው ባለሙያ ገጣባውን ማየት አይችልም። የመሪው ቱቦ ጫፍም ክፍት አይቀር፤ በወደቁ ጊዜ ሆድ ይወጋል። ቡሽ ቅረጹና የሌጦውን ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ድፈኑት።

አንገቱን ማስለበስ የሚፈልግ ደንበኛ ካለ አልብሱለት፤ ግን ወደ ፊት የተዘረጋውን ክንድ ብቻ። የላዩ ብሎን፣ መሪውን የሚነክሰው አፍና ወደ ፎርቼላው የሚገባው እግር ራቁታቸውን ይቅሩ። መጥበቅና መታየት ያለበት አይሸፈንም።

ሲያልቅ ጥላ ላይ አድርቁት። ምድጃ አጠገብም ፀሐይ ላይም የደረቀ ሌጦ ይሰነጠቃል። የደጋው ክረምት በጉሙ ስለሚያዘገየው፣ ሻጋታም ስለሚያመጣ፣ ሥራውን ወደ በጋ ማስጠጋት ይበጃል። ከደረቀ በኋላ ሰም በጥቂት የተልባ ዘይት አቅልጣችሁ በጨርቅ እሹት። ቅቤ ግን ይከረፋል፣ አይጥም ይጠራል።

ስታስረክቡ

ዋጋችሁን በሦስት ከፍላችሁ ንገሩ፤ ፍተሻው፣ ተከላው፣ ቆዳው። ደንበኛ የሚያየው ቆዳውን ብቻ ስለሆነ ሌላውን በነፃ የተሠራ ይመስለዋል፤ በነፃ የተሠራ ደግሞ ሁልጊዜ በጥድፊያ ይሠራል። ፍተሻውን ደንበኛው ፊት አድርጉት፤ ነጩን ዱቄት ያየ ሰው ስለ ዋጋው አይከራከርም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲመጣም ንገሩት፤ አዲስ የተተከለ አንገት ረግቶ ስለሚላላ ብሎኑ እንደገና ይያዝ።

ከማስረከባችሁ በፊት ግን ብስክሌቱን ራሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። አንድ ቁልቁለት ፈልጉ፣ እጃችሁን ከታችኛው ቀንድ ላይ አድርጉ፣ ፍሬኑን ጨምቁ። እናንተ ቁልቁለት ያልወረዳችሁበትን መሪ ለሰው ልጅ አትስጡ።